ዕቃው ሁሉ ሲናገር

(ረቂቅ ውስጥ የቀረ፣ ያልተላከ ኢሜይል)

ቦሌ ቡልቡላ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ጉቱ፣ ትሮምሶ፣ ኖርዌይ

እንደምን ሰነበቱ? ከመወለዴ በፊት ስለሄዱ እኔ እርስዎን ከፎቶ ነው የማውቅዎ፤ እርስዎ ደግሞ እኔን ከነጭራሹ አያውቁኝ ይሆናል። ሮሃ እባላለሁ። የእናትዎ ወንድም የአባባ መገርሳ የልጅ ልጅ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ከእናትዎ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ፣ እንደ አያቴ አኮ እያልኳት ነው ያደግኩት።

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚጻፍ ስለማላውቅ በቀጥታ እጽፈዋለሁ። አኮ ብርቄ ባለፈው እሑድ ጠዋት አርፋለች። ቀብሯ ሰኞ ተፈጸመ። ብዙ ሰው መጥቶ ነበር። ለእርስዎ እስካሁን ማንም ያልነገረዎ

አባባ መገርሳ ከኋላዬ ቆመው ምን እየጻፍሽ ነው እያሉኝ ነው። ላንብብልዎ አልኳቸው። አነበብኩላቸው። አሁን እትዬ ወርቅዬንና አቶ ገረመውን እየጠሩ ነው። ይሄ ደብዳቤ የሚሄድ አይመስለኝም።


ቦሌ ቡልቡላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ጉቱ፦

ሰላምታዬ ከቡልቡላ ተነስቶ፣ የኤርፖርቱን አጥር ዘሎ፣ ያለ ቪዛ እስከ ትሮምሶ ይድረስዎ። እግዚአብሔር ከብርዱም ከብቸኝነቱም ይጠብቅዎ።

ሮሃ ነኝ፣ የአባባ መገርሳ የልጅ ልጅ። ይህን የምጽፈው በትእዛዝ ነው። የአኮ ጆሮ ሥራ ስለለቀቀ ከእንግዲህ ስልክ አይመችም ተብሏል። ስለዚህ የቤቱን ወሬ በደብዳቤ እንዳደርስዎ ተሹሜአለሁ። ሹመቱ ደመወዝ የለውም። የጻፍኩትን ከመላኬ በፊት ለሦስት ሰዎች አነባለሁ፤ ለአባባ መገርሳ፣ ለጎረቤታችን ለእትዬ ወርቅዬና የዕድሩ ጸሐፊ ለሆኑት ለአቶ ገረመው። እኔ ጉባኤው እላቸዋለሁ። አቶ ገረመው ይሄን ሲሰሙ፣ “ጉባኤ መባላችን ጥሩ ነው፣ ይቀጥል” ብለዋል።

አባባ፣ “ስለ ሰው አትጻፊ፤ ስለ ቤቱ ጻፊ” ስላሉኝ ስለ ቤቱ እጽፋለሁ። ትምህርት ቤት መምህርት ስመኝ ሰውኛ የሚባል ዘይቤ አስተምራናለች። ግዑዙን ነገር እንደ ሰው ማናገር ማለት ነው። እርስዎ የአማርኛ መምህር ስለነበሩ ያውቁታል።

እንግዲህ የቆርቆሮው በር ሰላም ይልዎታል። አርጅቷል። በተከፈተ ቁጥር “ደግሞ ማን መጣ?” ይላል፤ ሰሞኑን እንግዳ በዝቶበት ድምፁ ዘግቷል። ሮቶው ሆዱን አስቀድሞ፣ ልክ እንደ አቶ ገረመው፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ውሃ በመጣ ቀን ያገሳል። ፊት ለፊታችን የቆመው ኮንዶሚኒየም አምስት ፎቅ ሙሉ አጎንብሶ ምሳችን ምን እንደሆነ ያያል፤ ሽሮ መሆኑን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። አውሮፕላኖቹ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ በላያችን ያልፋሉ፤ ሁልጊዜ ሊናገሩ ይመስላሉ፣ አይናገሩም። የአኮ ወንበር በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃል።

ሁላችንም ሰላምታችንን ልከንልዎታል፤ በሩም ጭምር።

ሮሃ

ይሄን ያከልኩት ካነበብኩላቸው በኋላ ነው። እትዬ ወርቅዬ ወንበሩ ጋ ስደርስ አለቀሱ። ሽንኩርት ነው አሉ። ሽንኩርት አላየሁም።


ትሮምሶ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ለሮሃ፦

ሰላምታሽ ያለ ቪዛ ደርሶኛል። እኔ የገባሁት እንደዚያ ቀላል ሆኖልኝ አልነበረም። አንቺንም ቤቱንም እግዚአብሔር ይባርክልኝ።

ዘግይቼ ስለመለስኩ ይቅርታ። የምሠራው ዓሣ ማሸጊያ ነው፤ ጥቅምት ላይ ሥራ ይበዛል። ቀኑን ሙሉ ዓሣዎቹ ፊቴ ተሰልፈው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ድሮ ክፍሌ ድረስ ገብቶ አስተምር እንደሆነ እንደሚያይ ሱፐርቫይዘር ያፈጡብኛል። ይኸው እኔም ሰውኛ ጻፍኩ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ለደብዳቤሽ ከአሥር ስምንት ሰጥቼዋለሁ። አውሮፕላኑ ጥሩ ነው። ኮንዶሚኒየሙ በጣም ጥሩ ነው። ሮቶው ላይ አንድ ቀንሼብሻለሁ፤ አቶ ገረመው ፊት ማንበብሽ ድፍረት እንጂ ዘይቤ አይደለም። ሌላውን አንድ የቀነስኩት ወንበሩ ላይ ነው። ፀሐይ የሚሞቀው ወንበሩ ከሆነ እናቴ የት ሄዳ ነው? የጥቅምትን ፀሐይ ለወንበር የምትለቅ ሴት አልነበረችም።

የጆሮዋ ነገር አሳስቦኛል። እዚህ ጥሩ የመስሚያ መሣሪያ አለ፣ ባቄላ የምታክል። እልካለሁ። ለአጎቴ ለመገርሳ እንዳትጨነቁ በይልኝ።

ጉቱ


ቦሌ ቡልቡላ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ጉቱ፦

የእግዜር ሰላምታ ዓሣ በሚያመላልሰው የፋብሪካ ቀበቶ ላይ ተቀምጦ፣ በዓሣዎቹ መሃል እያለፈ እጅዎ ይግባ።

የዘገየሁት ፈተና ስለነበረኝ ነው እንድል ተነግሮኛል። ፈተናም ነበረኝ።

ስለ ወንበሩ ጉባኤው ሁለት ሰዓት ተኩል ተከራክሯል። አባባ፣ “ወንበሩን ማን አስገባብሽ?” አሉኝ። አቶ ገረመው የዕድር ቃለ ጉባኤ ይመስል፣ “ወንበሩ ይሰረዝ” አሉ። የተላከ ነገር አይሰረዝም ስላቸው፣ “እሱ ነው የኢሜይል ጉዳቱ” አሉ። “እናቴ የት ሄዳ ነው?” ላሉት በመጨረሻ የተስማሙበት መልስ እነሆ፦ ከፀሐይ ጥላ ይሻላል።

የቤቱ ወሬ እንዲህ ነው። ቴሌቪዥኑ ነጠላ ተከናንቦ ፊቱን ሸፍኗል። አንድ ወር ከምናምን ሆነው፣ ቃል አልወጣውም። ድሮ እንዴት ያለ ለፍላፊ እንደነበረ ቢያዩት ያዝኑለት ነበር። ፍራሾቹ ሳሎን ወርደው ወለሉ ላይ ተኝተዋል፤ አልጋ ሰልችቷቸው ነው። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፣ ማንም ባትሪ አልሰጠውም፣ እሱም አልጠየቀም።

አቶ ገረመው ኦስሎ ያለውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ቪዛ አመልክተዋል። ከተሳካ እርስዎ ጋም ብቅ እላለሁ ብለዋል። ከኦስሎ ትሮምሶ ከቦሌው ሩዋንዳ ሰፈር እስከ መገናኛ ካለው የሚርቅ አልመሰላቸውም፤ ካርታ አሳየኋቸው፣ “ታክሲ አይጠፋም” አሉ።

የሚወዱዎ ሁሉ እጅ ነስተዋል።

ሮሃ


ትሮምሶ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሮሃ፦

ጤናሽ ይብዛ፣ ብዕርሽም አይንጠፍ።

ፀሐይ የዓመት ፈቃድ ወጥታለች። ቀልድ አይደለም፤ እዚህ ከኅዳር አጋማሽ ጀምራ እስከ ጥር ብቅ አትልም። ስትሄድ ማስታወቂያ ለጥፋ አትሄድም፤ አንድ ቀን ጠብቀሽ ጠብቀሽ እንደሌለች ታውቂያለሽ። እኛ ግን መብራት አብርተን ሥራ እንገባለን። ሰው ሁሉን ይለምዳል ይላሉ። እኔ እንደለመድኩ አላውቅም፤ ብቻ አይሰማኝም።

መሣሪያውን ወደ አዲስ አበባ በምትመጣ ልጅ ልኬዋለሁ፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ከሚገኘው ቢሮዋ ትቀበያታለሽ። ሲተኙ ይወልቃል፣ ውሃ አይነካውም። አድርጋው ፎቶ አንሺልኝ።

ስለ ደብዳቤሽ አንድ ነገር ልበል፣ እንደ ድሮ አስተማሪ። ክፍል ውስጥ የምለው ነገር ነበረኝ፦ ጸሐፊ ዕቃን የሚያናግረው ወይ ጨዋታ ሲያምረው ነው፣ ወይ ሰውየው መናገር ሲያቅተው። የቴሌቪዥኑ የትኛው እንደሆነ አልገባኝም። ውጤት አልሰጠሁትም።

ጉቱ


ቦሌ ቡልቡላ፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ጉቱ፦

ፀሐይዋ እዚህ ነው ያለችው፤ ፈቃዷን ቡልቡላ እያሳለፈች ነው። ስትመለስ ሰላምታችንን ይዛልዎት ትምጣ።

መሣሪያው ደርሷል። ሥራ ጀምሯል። ጆሮ ውስጥ ገብቶ ሁሉን እየሰማ ነው። እንዲያውም በጣም እየሰማ ነው፤ ትናንት እትዬ ወርቅዬ ጓዳ ሆነው “ሽማግሌው ደግሞ ሲበሉ ያጣጥማሉ” ሲሉ ከሳሎን “ማንን ነው?” የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጓዳው ውስጥ በምልክት ነው የምናወራው።

ስለ ፎቶው ጉባኤው ተሰብስቦ፣ ሙሉ ሰው ማንሳት ለጤና ጥሩ አይደለም ብሎ ወስኗል። መሣሪያው መግባቱን ለማሳየት ጆሮ ይበቃል ተባለ። ጆሮ አያይዤአለሁ።

ሮሃ


ትሮምሶ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮሃ፣

ሰላምታውን በልብሽ ያዢልኝ፣ ዛሬ አላሳምረውም።

የላክሽውን ጆሮ አየሁት። አሳድጌ አየሁት። ውስጡ ሽበት የሆነ ፀጉር አለው፣ ጫፉ ላይ ጠባሳ አለ። ያ ጠባሳ የአጎቴ የመገርሳ ነው፤ ልጅ ሆኜ አህያ ነከሰኝ ይለን ነበር። የእናቴ ጆሮ ጉትቻ የለመደ ሰፊ ቀዳዳ ነበረው።

አልቆጣም። ለሽማግሌዎቹም አልናገርም። ግን በቤታችን በሩ ያወራል፣ ሮቶው ያገሳል፣ ቴሌቪዥኑ ያዝናል፣ መሣሪያው ሐሜት ይሰማል። ዕቃው ሁሉ ሰው ከሆነ እናቴ ምን ሆነች?

ያለ ዘይቤ ጻፊልኝ።

ጉቱ


ቦሌ ቡልቡላ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ጉቱ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ይሄን ለጉባኤው አላነበብኩም። ያነበብኩላቸው ሌላ ነው፤ ስለ ገና በግ የሚል። በጉን በጣም ወደዱት።

አኮ ጥቅምት 3 ቀን፣ እሑድ፣ ጠዋት ሞታለች። በማግስቱ ተቀበረች። አርባዋ ወጥቷል፤ ሰማንያዋ ከትናንት ወዲያ ነበር፣ እርስዎ ያን ደብዳቤ በላኩበት ቀን። በመጀመሪያው ሳምንት እውነቱን ጽፌልዎ ነበር፤ አልተላከም፣ አሁንም አለኝ። አባባ “መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ ሰው ሄዶ፣ ጠዋት፣ ተቀምጦ፣ አጠገቡ ሰው ኖሮ ነው የሚነገር” አሉ። አቶ ገረመው ቪዛ እስኪያገኙ ነው የተጠበቀው። አሁን አግኝተዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ይበራሉ።

ክፉዎች ሆነው አይደለም። ብቻዎን ሆነው ሰምተው እንዳይወድቁ ነው የፈሩት። የሞተን ሰው ደህና ናት ብሎ መጻፍ ደግሞ ኃጢአት ነው ብለው፣ ስለ ሰው እንዳልጽፍ የከለከሉኝ ለዚያ ነው። ጆሮዋ ሥራ ለቋል ያልኩት ሲታይ ውሸት አልነበረም። ይሄን ስጽፍ ያስቀኛል ብዬ ነበር። አላሳቀኝም።

ቴሌቪዥኑ የተሸፈነው ለሐዘኑ ነው። ፍራሹ ለለቀስተኛ ነው። በሩ ድምፁ አልዘጋም፤ የበር ማጠፊያ ነው፣ ዘይት ጎድሎት ይጮሃል።

አብሬያት የነበርኩት እኔ ነኝ። አላለቀስኩም። ቀብሩ ላይም፣ ሠልስቱም ላይ፣ እስካሁንም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ የእትዬ ወርቅዬ ነጠላ ከድንኳኑ ገመድ ጋር ሊታሰር ነው እያልኩ ሳይ ነበር። እትዬ ወርቅዬ “ይቺ ልጅ ድንጋይ ናት” ብለዋል፤ በመሣሪያ አይደለም የሰማሁት፣ ፊቴ ነው ያሉት። ዕቃን ሰው ማድረግ ሰውኛ ከተባለ ሰውን ድንጋይ ማድረግ ምን እንደሚባል መምህርት ስመኝን ልጠይቃት ብዬ ተውኩት። ለዕቃው ሁሉ ስሜት ሳድል ለራሴ አልተረፈኝ ይሆናል። አላውቅም።

አቶ ገረመው ሲመጡ የሚያደርጉትን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። “ሮሃ ነግራኛለች” ማለት ከፈለጉም ይበሉ።

ሮሃ


ትሮምሶ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሮሃ፦

እግዚአብሔር የጻፍሽበትን እጅ ይባርክ። ደብዳቤሽን ሐሙስ ዕለት በምሳ ሰዓት አነበብኩት፣ ዓሣ ማሸጊያው ካፍቴሪያ። ከዚያ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ፈረቃዬን ጨረስኩ። እንደማንኛውም ቀን ሳጥን ዘጋሁ፣ ሳጥን አነሳሁ።

አቶ ገረመው ባለፈው ቅዳሜ መጡ። ከዚህ ከተማ አምስት ሐበሾች ሰብስበው ነው የመጡት፤ ሁለቱን ስማቸውን እንኳ አላውቅም ነበር። ጎህ ሲቀድ እንነግረዋለን ተባብለው ኖሯል። እዚህ በዚህ ወር ጎህ አይቀድም። ከመኪና ማቆሚያው ሆነው፣ በጨለማው፣ ሰማዩን ሲያዩ፣ ስልካቸውን ሲያዩ፣ ደግሞ ሰማዩን ሲያዩ በመስኮት አየኋቸው። ሁለት ሰዓት ሲሆን አቶ ገረመው፣ “እንግዲህ ነግቷል እንበል” ያሉ ይመስለኛል፤ ወደ ቤቴ ወጡ።

ለብሼ ጠበቅኳቸው። ወንበር ከጎረቤት ተውሼ ስድስት አድርጌ ደርድሬ ነበር። ያ ስህተት ነበር፤ አንዱ ወንበሮቹን ቆጥሮ አየኝ። አቶ ገረመው ግን አላዩም። ከቡልቡላ ይዘውት የመጡትን ንግግር ጀመሩ፤ ስለ እናት፣ ስለ ዕድሜ፣ ሁላችንም ስለምንሄድበት መንገድ። ላባቸው ይወርድ ነበር። አውቃለሁ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ያን ቃል ተሸክመው ሦስት ወር ቪዛ የጠበቁ ሰው መሆናቸው ታየኝ። አንቺንም ማን ነገረው ብለው ይዘው እንደሚያስጨንቁሽ አሰብኩ። ሲጨርሱ ጮህኩ። ሰዎቹ እንዳያፍሩ ያህል ነው የጮህኩት። ያዙኝ። አቶ ገረመው አቅፈውኝ የምር አለቀሱ። እኔ ትከሻቸው ላይ ሆኜ ጃኬታቸው ላይ የዋጋ ወረቀቱ እንዳልተነሳ አየሁ።

ስለዚህ እኔም እንዳንቺ ነኝ። ምን እንደሚባል እኔም አላውቀውም፤ አስተምሬው አላውቅም። ለጉባኤው ከሆነ አንቺ ምንም አልነገርሽኝም፤ እኔም ቅዳሜ ነው የሰማሁት። እንዲህ ይቆይ።

አብሬያት ነበርኩ ብለሻል። ሦስት ቀን ሙሉ ልጠይቅሽ አልጠይቅሽ ስል ነበር። ምን አለች? ስለ እኔ ያለችው ነገር አለ? ሰው ሁሉ ስምህን ጠርታ ነው ያረፈችው ይለኛል። አቶ ገረመውም ብለውኛል። ካንቺ ልስማው። ምንም አታስመስይው።

ጉቱ


ቦሌ ቡልቡላ፣ ጥር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ጉቱ፣

እንደምን ሰነበቱ? ነገ ጥምቀት ነው፤ ለእርስዎም በሰላም ያድርስዎ።

እትዬ ወርቅዬ፣ “ስሙን ጠርታ ነው ያረፈችው በይው፤ ያጽናናዋል” ብለውኝ ነበር። ለአቶ ገረመው ያንን የነገሯቸው እሳቸው ናቸው። አልጠራችም። እንዲህ ነው የሆነው።

እሑድ ነበር። አባባ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። አኮ ትንሽ ደክሞኛል ብላ ቀረች፤ ደክሞኛል ማለት ደግሞ የሁልጊዜ ወሬዋ ስለነበር፣ “እሺ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛው ጉልበት ነው?” አልኳት። ሳቀች። “አንቺ ባለጌ” አለችኝ። ከዚያ ሻይ አምጪልኝ አለች። ስኳር ስንት ላድርግ አልኳት። ሐኪሙ አንድ ብሏታል። ሁለት አለች። ሁለት አደረግኩ።

የመጨረሻው ቃል እሱ ነው። ሁለት።

ሻዩን ይዤ ስመለስ ዓይኗ ተከፍቷል፣ አታየኝም። ጠራኋት። እጇን ያዝኩት፣ ሙቅ ነበር። ጎረቤት መጥራት ነበረብኝ። እየተነሳሁ ነው እያልኩ አልተነሳሁም። አባባ እስኪመለሱ ሃምሳ ደቂቃ ይሆናል። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። “አሁን ስገባ እንዲህ ሆና አገኘኋት” ነው ያልኳቸው።

ሻዩ እጄ ላይ ነበር። ሊቀዘቅዝ ነው ብዬ አሰብኩ። ጠጣሁት።

ሮሃ